ቢትወደድ የሚባለው ማዕረግና የቁስቋሞቹ ቤተሰብ የት ገቡ?

ቀሃ_ዳር (ጠያቂ)
ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ትናንት እዚህ ጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ነበር። እንደየዓመቱ እትዬን ይዤ ወጣሁ። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ዘንድሮ ጉልበቷ አስቸግሯታል። ባጃጅ ልጥራ ስላት «ለእመቤቴ በእግሬ ነው የምወጣው» አለችኝ። ዳገቱን ሦስት ቦታ እያረፍን ወጣነው።

ታቦቱ ገብቶ ሰው ሲሳሳ አንድ አባት ወደ ሣጥኑ ወሰዱን። ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ፊቱ መስታወት ነው፤ ውስጡ አጥንት። አባ ጧፉን ጠጋ ሲያደርጉት የእትዬ ፊት መስታወቱ ላይ አረፈ። ከኋላው የራስ ቅሉ ይታያል። ሁለቱ ፊቶች ተደራርበው አየሁ። አባ እያሳዩን «እቴጌ ምንትዋብ እዚህ ናቸው። ልጃቸው አፄ ኢያሱም፣ የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስም» አሉ።

እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ወንድማቸውስ?» አለች። «ወንድም ነበራቸው እኮ። ቢትወደዱ። እናቴ ‹ቢትወደዱ እስካሉ አገር አገር ነበር› ትል ነበር።»

አባ «እዚህ ያሉት ሦስቱ ናቸው እናቴ» አሏት።

ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ዝም አለች። እኔም የምመልስላት አልነበረኝም። ጎንደር ተወልጄ፣ ፋሲል ግቢ ሥር አድጌ፣ ስለ ቢትወደዱ አንድ ነገር አለማወቄ ቆጨኝ። እሳቸው ማን ነበሩ? ቢትወደድ ማለትስ ምን ዓይነት ማዕረግ ነው? ዛሬ ደጃዝማችም ፊታውራሪም በየሰው አያት ስም ላይ ይሰማል፤ ቢትወደድ ግን እምብዛም አይሰማም። ቤተሰባቸውስ ሣጥኑ ውስጥ አለቀ? የምታውቁ ንገሩኝ። የምነግረው ለእትዬ ነው፤ ስለዚህ የተረጋገጠውን ብቻ።

---

አስጎብኚ_ፋሲል
ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 2፡05

እንኳን አደረሳችሁ። ስለ ወንድምየው መምህር ይምጡ፤ እሳቸው ይሻላሉ። እኔ ስለ እቴጌ አንድ ነገር ልበል። ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሯት እሳቸው ናቸው። እዚያ ግድግዳው ላይ ተስለዋል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እቴጌ ከእግሯ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው። አገር የሚገዛ ሰው ራሱን እንዲህ አድርጎ ሲያስል አስቡት። እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ሥዕል ፊት ማውራት አቆማለሁ።

---

መምህር_ዘአዘዞ
ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጄ ቀሃ ዳር፣ እትዬሽ የጠየቁትን 30 ዓመት ሳስተምር አንድ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። እግዜር ይስጣቸው።

ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳይደናገር።

ወንድምየው ራስ ወልደ ልዑል ናቸው። ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል። የእናታቸው ስም ወይዘሮ እንኮዬ ነው፤ አገራቸው ቋራ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፄ በካፋ ነው። በካፋ በ1721 ነገሡ። ሰው ሳያውቃቸው አገር ለአገር ይዞሩ ነበር ይባላል። ቋራ ላይ ታመው አንዲት ልጅ እንዳስታመመቻቸው፣ ሲድኑም እንዳገቧት ይተረካል። ልጅቱ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ያያት ሁሉ «ምን ትዋብ!» አለና ስሙ ጸናላት። በ1730 በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እቴጌም ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፉ። የንግሥ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሆነ።

ዘውድ መድፋት አንድ ነገር ነው። ማደር ሌላ ነው። በ1732 ተንሥአ ማሞ የሚባል ሰው ሕዝቅያስን አነግሣለሁ ብሎ ቤተ መንግሥቱን ከበበ። ከተማው ተቃጠለ። በውስጥ የቋራ ዘመድ እየተከላከለ፣ ከውጭ ታማኝ ጦር ደረሰና ከበባው ተሰበረ። እንግዲህ ሕፃን ንጉሥ ይዛ፣ ከግንቡ ጭሱን እያየች ያደረች እናት ከዚያ ወዲያ ማንን ታምናለች? የሥጋ ወንድሟን ነዋ። ወልደ ልዑል የመንግሥቱ ዋልታ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

እስከ 1767 ድረስ፣ እስኪሞቱ፣ ከወንበራቸው አልተነሡም። ሁለት ነገሥታት አሳድገዋል፤ የእህታቸውን ልጅ ኢያሱንና የልጁን ልጅ ኢዮአስን።

አንድ ማረሚያ ግን አለኝ። ቢትወደድ የቤተሰብ ማዕረግ አይደለም። ዋግ ሹም ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ቢትወደድ ግን ንጉሥ የሚሰጠው፣ ንጉሥ የሚነሳው ነው። ቤተሰቡ አጥብቆ ስለያዘው የቤት ዕቃ መሰለ እንጂ።

---

የቅኔ_ተማሪ
ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 3፡48

መምህር እጅ ነሥቻለሁ። ስለ ቃሉ ትንሽ ልጨምር።

ጥንት ሲጻፍ «ቢሕት ወደድ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ብሕተ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ብቻውን ሆነ ማለት ነው። ባሕታዊ የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ብቻውን የሚኖር። ስለዚህ ቢትወደድ «ብቻውን የተወደደ» ማለት ይሆናል። አንዱ ከእግዚአብሔር ጋር ብቻውን ሊሆን ዱር ይገባል። ሌላው ከንጉሥ ጋር ብቻውን ሊሆን ግቢ ይገባል። ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች ከባድ ሰዎች ናቸው።

ደግሞ ይህን ስሙ። ብቻውን የተወደደ እየተባለ ሹመቱ ለሁለት ሰው ነበር። የቀኝ ቢትወደድና የግራ ቢትወደድ። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ሁለቱን ቆጥሮ ጽፏል። ጎንደር ሲደረስ ግን አንድ ሆኖ ከራስነት ጋር ተጣምሯል። ራስ ቢትወደድ። ከራስ ሁሉ በላይ።

---

ቀሃ_ዳር
ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 4፡02

ባሕታዊ እና ቢትወደድ ከአንድ ሥር! ይህን ለእትዬ ስነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም። መምህር፣ እግዜር ያክብርልኝ። ማረሚያዎትን ተቀብያለሁ።

---

ፒያሳ_ማታ
ኅዳር 8፣ ጠዋት 1፡15

ሰው አይቀየመኝ፤ እኔ ግን ነገሩን ትንሽ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። እህት ነገሠች፣ ወንድም ቢትወደድ ሆነ፣ የቀረው ዘመድ በየጠቅላይ ግዛቱ ተሾመ። የጎንደር የቀድሞ መኳንንት ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ዛሬ እንዲህ ቢደረግ ምን እንደምንል እናውቃለን። ቁስቋም ያማረ ነው፤ ናርጋም ያማረ ነው። አገሪቱን ግን በዘመድ አሰሯት።

---

ገለጉ
ኅዳር 8፣ ጠዋት 2፡30

እኔ የቋራ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ፒያሳ፣ አልተቀየምኩህም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእቴጌ በፊትስ ንጉሥ በምን ነበር የሚያድረው? በዘመድ ነው። በአማች ነው። በአበልጅ ነው። ቋረኛ ሲያደርገው ግን ነውር ይሆናል። እኛን ቆለኛ እያሉ ነው ሲንቁን የኖሩት። ወባ ያለበት፣ ሽፍታ ያለበት አገር። ከዚያ ቆላ የወጣች ሴት በዚያ ሁሉ ጠላት መሃል ዘውዱን ከ35 ዓመት በላይ አቆየችው።

እዚህ ገለጉ ላይ ቆሜ ወደ ደጋው ሳይ እሷ የወጣችበት መንገድ ይታየኛል። ሌላም ሰው ወጥቶበታል፤ ስሙን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካሣ።

---

መምህር_ዘአዘዞ
ኅዳር 8፣ ከቀኑ 7፡10

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ አልሸነግላችሁም። ፒያሳ ያለው ቅሬታ በጊዜውም ነበር። ገለጉ ያለውም ንቀት ነበር። ወልደ ልዑልን ትልቅ የሚያደርጋቸው ደግሞ ሁለቱን ችለው መኖራቸው ነው።

አስቡት። እቴጌ ለልጃቸው ለኢያሱ ከወሎ በኩል ውቢት የምትባል ሚስት አመጡ፤ ቤርሳቤህ ተብላ ተጠመቀች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ኃይለኛ የኦሮሞ ባላባቶችን አማች ማድረግ። ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ ዘውዱ ለውቢት ልጅ ለኢዮአስ ሆነ። አሁን ግቢው ውስጥ ሁለት የንጉሥ እናት አለ። አያቲቱ ከነቋረኞቻቸው፣ እናቲቱ ከነወንድሞቿ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ በኢዮአስ ጊዜ በግቢው የሚሰማው ቋንቋ ኦሮምኛ ነበር ይላል።

በሁለቱ ወገን መሃል የቆመው አንድ ሰው ነው። ቢትወደዱ። ለዚህኛው አጎት ነው፣ ለዚያኛው የሚፈራ ሽማግሌ ነው። በ1767 ሞቱ። የእትዬሽ እናት «ቢትወደዱ እስካሉ አገር አገር ነበር» ማለታቸው እንዲያው የአፍ ወግ አይደለም ልጄ።

ከሞታቸው በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ኢዮአስ የበጌምድርን ገዥ ማርያም ባርያውን ሽረው የእናታቸውን ወንድም ብሩልሄን ሾሙ። ማርያም ባርያው የእቴጌ ምንትዋብ የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል ነው። አልለቅም አለ። ተዋጉ፤ ብሩልሄ ሞተ። ንጉሡ ተቆጡና ከትግሬ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠሩ። ሚካኤል መጡ። ማርያም ባርያው ተሸነፈ፤ ተገደለ። አስቴርም ሚካኤልን አገባች። ከዚያ ሚካኤልና ንጉሡ ራሳቸው ተጣሉ። በ1769 ንጉሡ ታንቀው ተገደሉ።

ቢትወደዱ ከሞቱ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ! ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከዚያች ዕለት ይቆጠራል።

እቴጌ የልጅ ልጃቸውን ሬሳ ቁስቋም ቀበሩና ከተማ ላይመለሱ እዚያው ቀሩ። በ1773 እዚያው ዐረፉ። ሣጥኑን ስታዩት ይህን አስቡ። ሦስቱን ያገናኛቸው መቃብር ቆፋሪ አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 1፡00

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። የልጅነት ሰፈሬ ቁስቋም ሥር ነው። ይህን ክር ሥራ ቦታ ሆኜ ሳነብ እንባዬ መጣ።

መምህር የጠቀሱት ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ከተማው ፈንጣጣ ገብቶበት ነበር። ብሩስን የኛ ሰዎች «ያዕቆብ» ይሉት ነበር። ፈንጣጣው ቁስቋምም ደረሰ። የእቴጌ የልጅ ልጆች ታመሙ። የዚያን ጊዜ ልማድ በሽተኛን ጨለማ ቤት ዘግቶ ማሞቅ ነው። ያዕቆብ መስኮቱን አስከፈተ፣ በሩን አስከፈተ፣ ዕጣንና ከርቤ አስጨሰ፣ ቤቱን በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የአስቴር ልጅ ዳነ።

እኔ ነርስ ነኝ። ያቺ ሴትዮ ባሏን ቀብራለች፣ ልጇን ቀብራለች፣ የልጅ ልጇን አንገት አይታለች፣ ወንድሟ የለም። አሁን ደግሞ እነዚህ ሕፃናት እየነደዱ ነው። አንድ የማይታወቅ ፈረንጅ ገብቶ መስኮቱን ክፈቱ ይላታል። ፈቀደች። እኔ በሥራዬ ስንት የተማረ ሰው «እምቢ» ሲል አይቻለሁ። የምንትዋብ ትልቅነት ለኔ ከዘውዱ ይልቅ እዚህ ጋ ነው።

---

ቀሃ_ዳር
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2፡25

እህቴ ሲልቨር፣ መስኮቱን ለእትዬ አነበብኩላት። «ድጋሚ አንብቢው» አለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን የቀረኝ አንድ ነው። ቤተሰቡ። ኢዮአስ ሞቱ፣ ቢትወደዱ ሞቱ፣ እቴጌ ሞቱ። አለቀ?

---

ማንኩሳ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 5፡50

አላለቀም እህቴ። ጎጃም ኑሪና ጠይቂን!

እናንተ ጎንደሮች በወንዶቹ በኩል ስለምትቆጥሩ ነው ያለቀ የሚመስላችሁ። በሴቶቹ ቁጠሩ። እቴጌ ከበካፋ በኋላ ምልምል ኢያሱ ከሚባል ሌላ ሰው ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። አንዷ አስቴር ናት፤ መምህር ነግረዋችኋል። አልጣሽ የምትባለው የራስ ሚካኤል ስሑልን ልጅ አገባች። ሦስተኛዋ ወለተ እስራኤል ናት። እሷን እኛ ወሰድናት።

የወለተ እስራኤል ልጅ ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ናቸው፤ ጎጃምን የገዙት። የእሳቸው ልጅ ወይዘሮ ድንቅነሽ። የድንቅነሽ ልጅ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ። አሁን ገለጉ ልብ በል ወንድሜ። ጎሹን በ1852 ጉር አምባ ላይ የገደላቸው ማነው? የቋራው ካሣ። በኋላ አፄ ቴዎድሮስ። ከቋራ የወጣችውን እቴጌ ዘር፣ ከዚያው ቋራ የወጣ ሰው ደምቢያ ላይ ጣለው።

እንቀጥል። የጎሹ ልጅ ተሰማ። የተሰማ ልጅ አዳል። አዳል ማለት በ1881 አፄ ዮሐንስ የጎጃም ንጉሥ ያሏቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

ይህን ለማለት ይከብደኛል፤ ግን ለእትዬ እውነቱን ነው ያልሽው። በ1888 ደርቡሽ ከሱዳን ሲመጣ ድንበሩን እንዲጠብቁ የታዘዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ። ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ቁስቋምን ጨምሮ። የቅድመ አያቶቻቸው ቤት ነው የተቃጠለው። አያቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ሳር ውኃ ትናንት ያለቀ ይመስል።

---

ገለጉ
ኅዳር 9፣ ጠዋት 12፡40

ማንኩሳ፣ ወንድምዓለም። ጉር አምባን አውቀዋለሁ፤ ጎሹ የእሷ ዘር መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር። ካሣን እየዘፈንኩ ነው ያደግሁት። ትናንት ማታ ይህን አንብቤ ቁጭ ብዬ አመሸሁ።

---

ፒያሳ_ማታ
ኅዳር 9፣ ጠዋት 1፡05

በዘመድ አሰሯት ያልኩትን አልመልስም፤ ግን መምህር የጻፉት ስለ ሁለቱ ዓመት አልወጣልኝ አለ። ትናንት ከሥራ ስወጣ በፋሲል ግቢ በኩል ዞሬ የእቴጌን ግንብ በአጥር አሻግሬ አየሁት። ሺህ ጊዜ አልፌዋለሁ። ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር።

---

አስጎብኚ_ፋሲል
ኅዳር 9፣ ጠዋት 3፡30

ፒያሳ፣ ወደ ቁስቋምም ውጣና ፍርስራሹን እይ። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ድንጋዩ ይቀላል። በኋላ ከሄድክ አታየውም።

---

ማንኩሳ
ኅዳር 9፣ ከቀኑ 6፡15

ትናንት ደክሞኝ ስለነበር ዋናውን ሳልናገር ተኛሁ።

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ በዛብህ ናቸው። የራስ በዛብህ ልጅ ነጋሽ ይባላሉ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ትልቅ ሰው ነበሩ። ማዕረጋቸው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ?

ቢትወደድ።

ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ። ወልደ ልዑል ከሞቱ ወደ 200 ዓመት ሊጠጋ ነው። ያው ማዕረግ በእህታቸው ዘር በኩል ዞሮ ተመለሰ። መምህር ማዕረጉ አይወረስም ብለዋል፤ ልክ ነው። ማንም ይህን አስቦ የሰጣቸው አይመስለኝም። ግን ሆነ።

መጨረሻቸው ደስ አይልም። በ1951 በንጉሡ ላይ አሲረዋል ተብለው ታሰሩ። ንጉሡን አስወግዶ ሪፐብሊክ የማቆም ሐሳብ ነበራቸው። «ብቻውን የተወደደ» የተባለ ሰው ንጉሥ የሌለበትን አገር አሰበ። የቅኔ ተማሪ፣ ይህን አንተ ተቀኝበት። እኔ አልችልም።

---

የቅኔ_ተማሪ
ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8፡00

ሰሙን ሰጠኸኝ፤ ወርቁ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለመምህሬ እነግራቸዋለሁ።

---

መምህር_ዘአዘዞ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡30

ማንኩሳ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። ይህን ዘር ቆጥሬው አውቃለሁ፤ ከቢትወደድ ነጋሽ ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ አስተማርከኝ።

ስለ ማዕረጉ የቀረውን ልጨርስ። ከጎንደር በኋላም ቢትወደድ ብርቅ ሆኖ ነው የኖረው። በምኒልክ ጊዜ ራስ ቢትወደድ መንገሻ አቲከም ነበሩ። ምኒልክ ሲደክሙ ለልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው፤ በ1911 ሞቱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሕፃን ወራሽ፣ ስሙ ኢያሱ፣ አጠገቡ ራስ ቢትወደድ። እንደገና። የተሰማ ሞትም እንደ ወልደ ልዑል ሞት ነው የሆነው፤ ከእሳቸው በኋላ ልጁን የሚይዘው አልተገኘም።

ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው አሉ። ኤርትራን ያስተዳደሩት ቢትወደድ አስፍሐ ወልደ ሚካኤል አሉ። በኛው አገር ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉት አርበኛ ቢትወደድ አዳነ መኮንን። በ1975፣ በኛ 1967፣ ዘውዱ ሲወርድ ማዕረጉም አብሮ ቀረ። ቀሃ ዳር «አይሰማም» ያልሽው ለዚህ ነው። ደጃዝማች ብዙ ስለነበረ በየቤቱ አያት ስም ላይ ቀረ። ቢትወደድ ጥቂት ስለነበረ ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ስለ ሴት ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልተኛም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነው የነገሡት። እሳቸው ወንድ ቢትወደድ አልሾምም አሉ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ሾሙ። መድኅን ዘመዳን በቀኝ፣ ብርሃን ዘመዳን በግራ። ዜና መዋዕላቸው ላይ ተጽፏል። ይኸውላችሁ። ማዕረጉን ሴቶች ይዘውታል። በኋላም ትልቁን ቢትወደድ ያቆመችው ሴት ናት፤ ዘሩን ያሻገሩትም ሴቶች ናቸው። እትዬሽ «ወንድማቸውስ» ሲሉ የጠየቁት ስለ ወንድ ነው፤ መልሱ ግን የሚመጣው በእህትየዋ በኩል ነው። ይህን እንደ መምህር ሳይሆን እንደ አባት ንገሪያቸው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡10

መድኅን ዘመዳ። ብርሃን ዘመዳ። ታሪክ ተምሬ ስማቸውን ዛሬ ሰማሁ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።

---

ቀሃ_ዳር
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁለት ቀን የጠፋሁት እየተነገረ ስለነበር ነው። እትዬ በአንድ ቀን አልበቃትም። ቡና አፍልተን ከአቦል ጀመርን። እኔ ከስልኬ አነባለሁ፤ እሷ ታስቆመኛለች። «ማን ነው ያለሽው?» ትላለች። «ማንኩሳ የሚባል የጎጃም ሰው» እላታለሁ። «ይባርከው» ትላለች። መምህር፣ ለእርስዎ «ዕድሜ ይስጠው» ብላለች። ሳር ውኃ ላይ ስደርስ ስኒውን አስቀምጣ አለቀሰች። አባቷ የነገሯት ነገር ነበር፤ ታቦት ይዘው ወደ ዱር ስለሸሹ ካህናት። ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

የዘር ቆጠራውን ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩላት። ምንትዋብ፣ ወለተ እስራኤል፣ ኃይሉ፣ ድንቅነሽ፣ ጎሹ፣ ተሰማ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ በዛብህ፣ ነጋሽ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቷን በየስሙ ላይ እያስኬደች አስቆጠረችኝ። ዘጠኝ። ወረቀቱን አጥፋ ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው። ዳዊቱ የአባቷ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለቅዳሴ ቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስም የምታስጠራበት ቀን ነው። አባ ቀርበው ስም ሲቀበሉ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እንደ ወትሮው የአባቷን ስም ጠራች። የእናቷን ስም ጠራች። የሞተውን ልጇን ስም ጠራች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለች።

«ወልደ ልዑል» አለች።

አባ «ማን ነው እማሆይ? አዲስ ነው» አሏት።

«የቁስቋም ሰው ነው» አለቻቸው። «ሣጥኑ ውስጥ የለም።»